የማን ልደት

ሰኔ 6

ለማከብርሽ፣ ለምፈራሽ፣ ከሩቅ ሆኜ ግን እምብዛም ለማልፈራሽ አክስቴ፤

ይህች ደብዳቤ አንቺን በጤና፣ የስፌት መኪናሽን ዘይት ጠጥታ፣ እናቴንም ከአልጋዋ ተነስታ ታግኛችሁ። እኔ ደህና ነኝ። ወገቤ ብቻ የኔ አይደለም። የጣቶቼም ጫፍ ከሙጫው ብዛት ምንም አይሰማቸውም። ባለፈው ትኩስ ሻይ ይዤ መቃጠሌን ያወቅኩት ሌላ ሰው ሲጮህልኝ ነው። ለምዶብኛል።

ሥራ እንደቀየርኩ ጽፌልሽ ነበር። ምን ዓይነት ሥራ እንደሆነ ግን እንዳትስቂብኝ ብዬ ዘለልኩት። የገና ዛፍ ፋብሪካ ነኝ። ይኸው ሳቅሽ። ዛፉ ፕላስቲክ ነው፤ ቅርንጫፉ እንደ ጃንጥላ ተጣጥፎ ካርቶን ውስጥ ይገባል። በዚህ ሙቀት፣ ሰው ሁሉ በካናቴራ እያላበው፣ እኛ ቅርንጫፍ ላይ በረዶ እንለጥፋለን። በረዶ የምልሽ ነጭ ዱቄት ነው። አፍንጫ ውስጥ ስለሚገባ ባስነጠስኩ ቁጥር ፊቴ ያለው ሰው ክረምት ይገባበታል።

ከጎኔ የሚሠሩት ሽማግሌ ሠላሳ ዓመት ታሪክ ያስተማሩ ናቸው። አሁን ካርቶን ላይ አድራሻ ይለጥፋሉ። "ፕሮፌሰሩ" ነው የምንላቸው። አፋቸው አያርፍም። ባለፈው ሳምንት ምን አሉኝ መሰለሽ?

"አንተ ልጅ፣ ይሄ በረዶ የምትለጥፍለት ልደት እኮ መጀመሪያ የፀሐይ ልደት ነበር።"

"የማን?"

"የፀሐይ። ቀኑ አጥሮ አጥሮ ሊያልቅ ሲል ተመልሶ መርዘም ይጀምር የለ? የጥንት ሰዎች ያኔ ፀሐይ ተወለደች ብለው ይጨፍሩ ነበር። በኋላ ክርስቲያኖቹ መጡ። የጌታን የልደት ቀን የጻፈ ሰው የለም። ጭፈራውን ተዉ ቢባል ሕዝቡ እሺ አይልም። ስለዚህ ቀኑን እዚያው ትተው ባለቤቱን ቀየሩት። እንዲህ የሚሉ ብዙ ናቸው።"

"እርስዎስ ምን ይላሉ?"

"እኔ አድራሻ ለጣፊ ነኝ" ብለው አፍንጫዬ ላይ አንድ ለጠፉብኝ።

አረንጓዴ ቅርንጫፍ ቤት ማስገባቱም ከዚያ በፊት የነበረ ነው አሉ። ይሄን ሁሉ ለቄሱ ንገሪልኝና ፊታቸው ምን እንደሚመስል ጻፊልኝ። በጣም ከተቆጡ እኔ ነኝ ያልኩት፤ ትንሽ ከተቆጡ አንቺ ነሽ።

አሁን ወደ ቁም ነገር። የመኖሪያ ፈቃዴ ጥቅምት መጨረሻ ላይ ያልቃል። ዘንድሮ ኮፒ አንቀበልም ብለዋል፤ የልደት ምስክር ወረቀቴን ዋናውን ይፈልጋሉ። እናቴ ጋ መሳቢያ ውስጥ ነው። እሱ ካልመጣ እኔም እንደ ዛፉ ተጣጥፌ በካርቶን እመጣልሻለሁ።

ነሐሴ 14 ልደቴ ስለሆነ ለእናቴ የራስ ምታት መድኃኒት ከአሁኑ ያዢላት። በየዓመቱ በልደቴ ቀን ራሷን ያማታል። ስወለድ የጮህኩት እስከ ዛሬ ሳይወጣላት ቀርቶ ይመስለኛል።

ጉዴ

———

ሐምሌ 2

ለጉዴ፤

ሰላም ላንተ ይሁን። ወገብህን ይመልስልህ፤ ምላስህን ግን ትንሽ ይያዝልህ። እኛ ደህና ነን። የዩኒፎርም ሰሞን ስለሆነ ከኮሌታ በስተቀር ነገር አይታየኝም። ትናንት ሰላም ያለኝን ሰውዬ አንገቱን በዓይኔ ስለካ ደንግጦ ሄደ።

ለቄሱ ነገርኳቸው። የመዘምራኑን ልብስ ልለካ ሄጄ፣ አፌ ውስጥ መርፌ ይዤ፣ በመርፌው መሃል አንተ ያልከውን አልኳቸው። አልተቆጡም። አዝናለሁ። "ይሄ ልጅ አሁንም አልተገረፈም?" አሉና ሳቁ። ከዚያ እንዲህ ብለሽ ጻፊለት አሉኝ፤ "አንተ ያልከውን የሚሉ አሉ። ከብሥራቱ ቀን ዘጠኝ ወር ቆጥረው ነው ያገኙት የሚሉም አሉ። እኔን አያስጨንቀኝም። አንድ ሰው ቤት ሲገዛ ድሮ ማን ይኖርበት ነበር ብሎ ደጅ ሲቆም ያድራል እንዴ? ጠርጎ ይገባል።"

እኔ የማውቀው ስፌት ነው። አሮጌ ኮት ገልብጬ አዲስ አድርጌ ሰፍቼ አውቃለሁ። የለበሰው ሰው አዲስ ነው ብሎ ደረቱን ይነፋል። የሚያውቀው ስፌቱን የፈታ ብቻ ነው። እና አትፍታ።

እናትህ ደህና ናት። ትበላለች፣ ትተኛለች። የምትለው ወረቀት፣ መሳቢያው አልከፈት ብሏል። እርጥበት ነክቶት ይሆናል። ኮፒው አይበቃም ወይ? እስቲ ደግመህ ጠይቃቸው።

ጸሎቴ ባለህበት ትድረስህ። ሸሚዝህን ወደ ውስጥ ክተት።

አክስትህ

———

ሐምሌ 19

የኮሌታ ንግሥት ለሆንሽው አክስቴ፤

መርፌሽ አይታጠፍ፣ ዓይንሽ አይድከም፣ ቁጣሽም ከዚህ በላይ አይጨምር። በጌታ ልደት ላይ አንድ ገጽ ሙሉ ጻፍሽ። በኔ ልደት ላይ አንድ መሳቢያ። ዳኛ ፊት ቢቀርብ ያስፈርድብሻል።

እዚህ ደግሞ አዲስ ትእዛዝ መጥቷል፤ ለፋሲካ የሚሆን የፕላስቲክ እንቁላልና ጥንቸል። ፋብሪካችን በዓል አይጠብቅም፤ ልደቱን ሳንጨርስ ትንሣኤው ደረሰ። ፕሮፌሰሩ እንቁላሉንም አልማሩትም። ክረምት አልፎ ምድር ስታፈራ የጥንት ሰዎች ያከብሩት ከነበረው ነው የሚሉ አሉ አሉኝ። ጥንቸሏም እንደዚያው።

"ጥንቸል እኮ እንቁላል አትጥልም" አልኳቸው።

"ሰባተኛ ክፍል አቋርጠህ ይሄን ማወቅህ ራሱ ተአምር ነው" አሉኝ።

ሳቅኩ። ከሰባተኛ ክፍል የቀረኝ መሳቅ ነው።

አሁን ሳላሾፍ ልንገርሽ። ፈቃድ ማደሻው ቢሮ መስኮት ስድስት ያለችው ሴትዮ ዋናው ወረቀት ከሌለ ፋይልህ ይዘጋል፣ ሠላሳ ቀን ተሰጥቶህ ትወጣለህ ብላኛለች። ላስቃት ሞክሬ ነበር። ሳቀች። ከዚያ ደግማ ያንኑ አለችኝ። መሳቢያውን በመዶሻ ምቺው። ካልሆነ ለእናቴ ንገሪያት፤ የመሳቢያውን ጠባይ የምታውቀው እሷ ናት።

ለነገሩ እዚህ ሰው ሁሉ በወረቀት ስሜ ነው የሚጠራኝ። ሁሌ ሁለት ጊዜ ካልጠሩኝ አልሰማም። ደንቆሮ ይመስላቸዋል። እናንተ ጉዴ ጉዴ እያላችሁ አሳደጋችሁኝ። እናቴማ በወረቀቱ ስም አንድ ቀን እንኳ ጠርታኝ አታውቅም። ስድስት ፊደል መቆጠብ ምን ይጠቅማል?

ጉዴ

———

መስከረም 3

ለጉዴ፤

ጤና ይስጥህ። ዘግይቻለሁ። ነሐሴ ላይ እናትህን ትንሽ አሟት ነበር። አሁን ተነስታለች።

ወረቀቱ ይኸው። መሳቢያው ምንም አልሆነም ነበር። ፖስታውን ያሸገችው እናትህ ናት። በመስኮት ስጣቸው፤ አይተው ሲመልሱልህ አጥፈህ አስቀምጠው። ቁጭ ብለህ አታንብበው። ወረቀት ነው።

አምላክ መንገድህን ያቅናልህ።

አክስትህ

———

መስከረም 20

ለአክስቴ፤

ጤና ለሁላችን ይሁን፤ ስንት እንደሆንን ባላውቅም።

ከፖስታው ሁለት ወረቀት ነው የወጣው። አንዱ የጠየቅኩሽ ነው። የወረቀት ስሜ አለበት፣ ነሐሴ 14 አለበት፣ የአባቴ ፊርማ አለበት። አባቴ ፊርማው ቆንጆ ነበር። ሌላው ከኋላው ለአራት ታጥፎ የገባ ቢጫ የክትባት ካርድ ነው። ስም በሚለው ላይ "ጉዴ" ይላል። የእናት ስም ትክክል ነው። የተወለደበት ቀን፣ ኅዳር 21። ዓመቱ ሦስት ዓመት ዘግይቶ። ሲወለድ ክብደት፣ ሦስት ኪሎ ከመቶ ግራም።

እና ሒሳብ ሠራሁ። ሰባተኛ ክፍል ይበቃል ለዚህ። በሁለት ዓመት ከሦስት ወሬ ሦስት ኪሎ ነበርኩ። ምን ነበር የምታበሉኝ?

በሻይ ሰዓት ለፕሮፌሰሩ አሳየኋቸው። መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጉና ሁለቱንም አነበቡ። ደግመው አነበቡ።

"ወንድም ነበረህ?"

"የለኝም።"

"አለህ ወይ አላልኩህም። ነበረህ ወይ ነው ያልኩት።"

"እንጃ" አልኳቸው። ሰው ወንድም ይኑረው አይኑረው ሲጠየቅ እንጃ ሲል እንዴት እንደሚያስቅ አታውቂም። ሌላ ቀን ቢሆን ይስቁብኝ ነበር። ካርዱን በነበረው እጥፋት አጥፈው መለሱልኝና ወደ ካርቶናቸው ዞሩ። ያን ቀን ስለ ፀሐይም ስለ ጥንቸልም አላወሩም።

ነሐሴ 14 እዚህ ልጆቹ ኬክ ገዝተውልኝ ነበር። ሃያ ስድስት ሻማ ሰካኩበት። ከመንፋቴ በፊት ፋብሪካው ይቃጠላል ብዬ የእሳት ማጥፊያውን አወረድኩ፤ ሁሉም በሳቅ ሞተ። ከዚያ ነፋሁ። ሃያ ስድስቱም ባንዴ ጠፉ። አሁን ሳስበው ለማን እንደነፋሁ አላውቅም።

የሆነውን ንገሪኝ። መስኮት የምቀርበው ጥቅምት 28 ነው። ሁለቱን ይዤ ልሂድ ወይስ አንዱን? አልተናደድኩም። ልናደድ ሞክሬ ነበር፣ አልመጣልኝም። ፈረቃዬን ጨርሼ ወጣሁ፣ ዳቦ ገዛሁ፣ በላሁ።

ጉዴ። ይሄ እንኳ ካርዱ ላይ ስላለ የኔ ነው።

———

ጥቅምት 5

ጉዴ፤

እንደምን ነህ አልልህም። መልሱን ጽፈህልኛል።

ካርዱን እኔ አላስገባሁትም። እኔ ለእናትህ የሰጠኋት አንዱን ወረቀት ነው። አሽጊው ብያት ወጥ ላማስል ገባሁ፤ ስመለስ ታሽጎ ነበር። ደብዳቤህን ሳነብላት ልብስ ታጥፍ ነበር። "አገኘው?" አለች። "አገኘው" አልኳት። ማጠፏን ቀጠለች።

ነበረህ። የመጀመሪያው እሱ ነው። ሲወለድ አባትህ በማግሥቱ ሱፉን ለብሶ ሄዶ አስመዘገበው፤ ያ ፊርማ የዚያን ቀን ፊርማ ነው። ልጁ እግሩ ቶሎ ነው የጸናው። ከስፌት መኪናዬ ሥር ገብቶ ክሬን እየጎተተ ቤቱን በክር ይሸፍነው ነበር። በአሥራ አራት ወሩ ትኩሳት ያዘው። ሦስት ቀን።

ሞቱንም እዚያው መስኮት ሄዶ ማስመዝገብ ነበረበት። አባትህ ሁለት ጊዜ ሄደ፣ ሁለቱንም ጊዜ ከበር ተመለሰ። "ሰልፍ አለ" አለን። ሦስተኛ ማንም አልጠየቀውም። በዓመቱ አንተ መጣህ። አንተን ለማስመዝገብ ደግሞ "ስንተኛ ልጅህ ነው?" የሚሉት እዚያ መስኮት ላይ ናቸው። እንዲሁ ቀረህ። ያለህ የክሊኒኩ ካርድ ብቻ ነው። ነርሷ ስም ማን ልበል ስትል እናትህ "ጉዴ በይው" አለች። ነርሷ ጻፈችው።

አንተ አራት ዓመት ሳይሞላህ ከትምህርት ቤት ደብዳቤ መጣ። "ዕድሜው ስድስት ዓመት የሞላው ልጅዎ ለትምህርት እንዲቀርብ።" መዝገብ ላይ አልሞተማ። አባትህ ጮክ ብሎ አነበበልን። ሞቷል ብሎ መመለስ ነበረበት፤ አንድ ቃል ነው። ቁጭ ብሎ አደረ። ጠዋት ፊትህን አጠበህና ይዞህ ሄደ። እናትህ ደጅ ቆማ እስክትርቁ አየቻችሁ። እኔ ከሰፋሁት ዩኒፎርም ሁሉ ትንሹን ሰጥቼህ ነበር። እሱም ሰፋህ።

ከዚያ ወዲያ ስሙም ቀኑም ያንተ ሆነ። ነሐሴ 14 አባትህ ኬክ ይገዛል፣ ጎረቤት ይመጣል፣ አንተ ትንጫጫለህ፣ እናትህ ትተኛለች። ራስ ምታት ያልነው እኔና አባትህ ነን። እሷ አሞኛል ብላ አታውቅም።

የቄሱን ቃል እንዳለ ገለበጥኩልህ። ጠርጎ ይገባል ብዬ ጻፍኩልህ። የኛን ቤት ግን የጠረገ የለም።

መስኮት ስትቀርብ አንዱን ብቻ ስጥ። ካርዱን ካዩ ምስክር ወረቀቱ ሐሰት ነው ይሉሃል። ሐሰት አይደለም። ያንተ አይደለም እንጂ።

ይቅር በለን ልልህ ነበር። ይሄን ጽፌ ከጨረስኩ በኋላ ነው ትዝ ያለኝ፤ መጀመሪያ ላይ መጻፍ ነበረብኝ።

አክስትህ

———

ጥቅምት 29

ለአክስቴ፤

እናንተን ደህና ያድርጋችሁ። እኔንም።

መጀመሪያ አንድ ክስ አለኝ። አንደኛ ክፍል መምህሯ "ድንጋይ" ነበር የምትለኝ። ልጆቹ እስክሪብቶ ይዘው ሲጽፉ እኔ እስክሪብቶውን እበላ ነበር። ሰባት ዓመት ሙሉ ደደብ ነኝ ብዬ አምኜ፣ በቀልድ እያመለጥኩ፣ ሰባተኛ ላይ ጥዬ ወጣሁ። ለካ ድንጋይ አልነበርኩም፤ ሕፃን ነበርኩ። መምህሯን ካገኘሻት ንገሪያት። ፊቷን አይተሽ መጻፍ አያስፈልግም።

ለፕሮፌሰሩ ነገርኳቸው። አድራሻ መለጠፋቸውን ቀጠሉ። እኔ ነኝ የጠየቅኳቸው።

"ያ በዓል ባለቤቱ ሲቀየር፣ የድሮው ባለቤት ምን ሆነ?"

"ተረሳ።"

"በሁሉም ቤት?"

"በሁሉም አይደለም። አንዳንድ ቤት አይረሳም። በሌላ ስም ያደርገዋል። ቅርንጫፉን ያስገባል፣ እሳቱን ያነዳል፣ ለምንድነው ሲባል ለሌላ ነው ይላል።"

"ራሴን አሞኝ ነው ይላል?"

"እንደዚያም ሊል ይችላል" አሉኝ። ከዚያ ደወሉ ተደወለ። አምስት መቶ ዛፍ አጥፈን ወጣን።

ትናንት መስኮት ስድስት ቀረብኩ። እንዳልሽው አንዱን ወረቀት ነው ያስገባሁት። ካርዱ የውስጥ ኪሴ ውስጥ ነበር። ሴትዮዋ ምስክር ወረቀቱን ወደ ብርሃን አንስታ አየችው፣ በጣቷ ዳሰሰችው፣ "ዋናው ነው" አለች። ዋናው ነው አልኳት። ከዚያ ቅጹን ማንበብ ጀመረች። "እህት ወንድም" የሚል መስመር አለው። በየዓመቱ "የለም" ነው የምሞላው። ዘንድሮ "አንድ" ብዬ ሞልቻለሁ። ለምን እንደሞላሁት አትጠይቂኝ፤ አስቤበት አይደለም፤ እጄ ነው።

"ባለፈው የለም ብለህ ነበር" አለችኝ።

"አላውቅም ነበር።"

"ታላቅ ነው ታናሽ?"

"ታላቅ።"

"ስሙ?"

ነገርኳት። ወረቀቱን አየች፣ እኔን አየች።

"ይሄ ያንተ ስም ነው።"

"የሱም ነው።"

"የተወለደበት ቀን?"

"ነሐሴ 14።"

"ይሄም ያንተ ነው።"

"መጀመሪያ የሱ ነበር።"

ብዕሯን አስቀመጠች። ከዚያ ሳቋ አመለጣት። ወንበሯን ወደ ኋላ ገፍታ መስኮት ሰባት ያለችውን "ነይ ይሄን ቀልደኛ ስሚው፣ ያ የነገርኩሽ ልጅ ነው" አለቻት። ሁለቱም ሳቁ። እኔም አብሬ ሳቅኩ፤ ሰው ሲስቅ መሳቅ ለምጃለሁ። እንባዋን ጠርጋ "አንተ ልጅ፣ ሥራ አስፈታኸን፤ ቅጽ እኮ ቀልድ አይወድም" አለችና "አንድ" ያልኩትን በመስመር ሰርዛ በላዩ "የለም" ብላ ጻፈችበት። ጽሕፈቷ ቆንጆ ነው። አይደለም ማለት እችል ነበር። ካርዱን ማውጣት እችል ነበር። አላወጣሁም። ከዚህ አገር እንድባረር አልፈለግኩም፤ ወንድሜ እንዲሰረዝም አልፈለግኩም፤ አንዱን ብቻ ነው የሚፈቅዱት።

ቁጭ በል፣ ትጠራለህ አለችኝ። አዳራሹ ሙሉ ነበር። ፊት ለፊቴ አንዲት ሴት ሕፃን አቅፋ ታወዛውዛለች። ካርዱን በልብሴ ላይ ስነካው ቆየሁ። ኅዳር 21 ጠዋት ፈረቃ ነኝ። ለማንም አልነገርኩም። እናቴ ግን ቀኑን ታውቀዋለች፤ ምንም አትንገሪያት።

ከብዙ ጊዜ በኋላ ከመስኮቱ ስሙን ጮክ ብላ ጠራች። እንደ ልማዴ አልሰማሁም። ደግማ ጠራች። ያኔ ዞር ብዬ ኋላዬን አየሁ፤ የሚነሳ ሰው አለ ብዬ። ማንም አልተነሳም። ሦስተኛ ልትጠራ አፏን ስትከፍት ሄጄ ፈቃዱን ተቀበልኩለት።

ታናሹ